በኢየሩሳሌም መናፈሻ ውስጥ ምግብ ቤት በጨረታ ለመከራየት፤ ከማስታወቂያው እስከ ቁልፉ

በመናፈሻ፣ በሙዚየም ወይም በእንስሳት ማቆያ ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ደንበኛ ፍለጋ አይዞርም፤ ጎብኚው ራሱ ይመጣለታል። ኢየሩሳሌም እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሏት። በ1892 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው የቀድሞው ባቡር ጣቢያ በ1998 ባቡር መቀበል ካቆመ በኋላ በ2013 ሰው የሚበላበትና የሚዝናናበት ስፍራ ሆኗል። በ2015 ደግሞ ኤሜክ ሐጽቫዪም የተባለው የሚዳቋ ሸለቆ ለሕዝብ ተከፍቷል። የእኛ የኢትዮጵያውያን እንጀራና ቡና በእነዚህ ቦታዎች መሐል እንዲቀርብ እመኛለሁ፤ ወጥ መሥራቱን እናውቅበታለንና። ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚያስቀረን ሰነዱና ሒሳቡ ነው። ስለዚህ መንገዱን በቅደም ተከተል እነሆ።

1. ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይለዩ

አንድን ቦታ ከመመኘትዎ በፊት አከራዩን ይወቁ። አንዳንዱ ቦታ የማዘጋጃ ቤቱ (ኢሪያ) ነው፤ አንዳንዱ የማዘጋጃ ቤቱ ኩባንያ ወይም የማኅበር፣ ሌላው የመንግሥት የተፈጥሮና የመናፈሻ ባለሥልጣን፣ ሌላው ደግሞ የግል ነው። በኢትዮጵያ ጎዳናና በነቢያት ጎዳና አካባቢ ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል። የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሥራ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመ ሲሆን፣ ነገሥታቱና መኳንንቱ በአካባቢው ያሠሯቸው ቤቶች ኪራይ ለገዳማቱ መተዳደሪያ ሆኗል። በዚያ ሠፈር የቤተ ክርስቲያን ይዞታ የሆነን ቤት ለመከራየት የሚሄዱት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ጨረታ አይመለከተውም።

2. ጨረታውን ይከታተሉ

ማዘጋጃ ቤቶች ንብረታቸውን ሲያከራዩ፣ በሕግ ከተለዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ይፋዊ ጨረታ (ሚክራዝ) ማውጣት አለባቸው። የማዘጋጃ ቤቱን ድረ ገጽ የጨረታ ክፍል በየሳምንቱ ይመልከቱ፤ ማስታወቂያው በጋዜጦችም ይወጣል። የከተማዋ ኩባንያዎች የየራሳቸው ገጽ ስላላቸው እነዚያንም ይጎብኙ። ለየትኛው ክፍል መደወል እንዳለብዎ ካላወቁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የስልክ መስመር 106 ደውለው ይጠይቁ።

3. ከዋጋው በፊት የውል ረቂቁን ያንብቡ

ብዙ ሰው ሰነዱን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ዝቅተኛውን የኪራይ ዋጋ ነው። እርስዎ ግን ከኋላ ከተያያዘው የውል ረቂቅ ይጀምሩ፤ ካሸነፉ በኋላ እንደገና የሚደራደሩበት ዕድል እምብዛም ነው። ከጠበቃ ጋር ሆነው እነዚህን ይፈልጉ፦

• ውሉ ስንት ዓመት ነው? የማራዘም መብቱ የማን ነው?
• ለማደሻ ያወጡት ገንዘብ ሲለቁ ይመለሳል ወይስ ለከተማው ይቀራል?
• በሰንበትና በበዓል መክፈት ይፈቀዳል? ኮሸር (የአይሁድ የምግብ ሥርዓት) ግዴታ ነው?
• ቦታው በጦርነት፣ በወረርሽኝ ወይም በጥገና ቢዘጋ ኪራዩ ይቆማል?

የመጨረሻውን ጥያቄ አጥብቀው ይያዙ። በ2020 በኮሮና፣ ከጥቅምት 2023 በኋላ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት የኢየሩሳሌም ጎብኚ ተመናምኗል፤ ቱሪስት ጠፍቶ ኪራይ የማይቆምበት ውል ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ይከታል።

4. በጉብኝቱ ቀን ይገኙ

አብዛኛውን ጊዜ ተጫራቾች በአንድነት ቦታውን የሚጎበኙበት ቀን ይቀጠራል። መገኘቱ ግዴታ ከሆነና ስምዎ ካልተመዘገበ የሚያቀርቡት ዋጋ ውድቅ ነው። ሲሄዱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘው ይሂዱ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይስባል፤ ሦስት ምጣድ ከማቀዝቀዣና ከምድጃ ጋር ደካማ መስመር አይችለውም። ስብ ማጣሪያ በፍሳሹ ላይ መኖሩን፣ የጭስ መውጫው ወዴት እንደሚሄድ፣ ቡና መቁላት የሚፈቀድ መሆኑን፣ ሊጥ የሚቦካበት ክፍል መኖሩን፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያና መጸዳጃ መሟላቱን ይዩ። ከዚያም ብቻዎን ተመልሰው በሥራ ቀን፣ በዓርብ ጠዋትና በዝናብ ቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍ ይቁጠሩ።

5. ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ

ያልገባዎትን ሁሉ እስከ ተወሰነው ቀን በዕብራይስጥ ጽፈው ይላኩ። የሚሰጠው የጽሑፍ መልስ የጨረታው አካል ይሆናል፤ ሠራተኛው በቃል የነገረዎት ግን አያስከራክርዎትም።

6. ዋጋዎን ከሽያጩ ተነሥተው ያስሉ

ይህ የሁሉ መሠረት ነው። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 15,000 ሸኬል ቢሆንና 25 ቀን ቢሠሩ በቀን 600 ሸኬል ይደርሳል። አንድ ደንበኛ ከታክስ በፊት 60 ሸኬል ቢከፍል «በ10 ሰው ይሸፈናል» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ከዚያ 60 ሸኬል ላይ ጤፉ፣ ሥጋው፣ ደመወዙ፣ መብራቱና አርኖናው (የማዘጋጃ ቤቱ የቤት ግብር) 51 ቢወስዱ ለኪራይ የሚተርፈው 9 ብቻ ነው። እንግዲያው ኪራዩን ለመሸፈን ብቻ በየቀኑ 67 ሰው ያስፈልጋል፤ የእርስዎ ትርፍ ገና አልተቆጠረም። በአራተኛው እርምጃ የቆጠሩት ሰው ይህን ካልደገፈ ዋጋዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ዝቅተኛው መነሻም ከዚያ በላይ ከሆነ ይተዉት። ከጥር 2025 ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክሱ (ማዓም) 18 በመቶ ስለሆነ የሚያቀርቡት ኪራይ እርሱን ያካትት ወይም አያካትት እንደሆነ ያረጋግጡ።

7. የምግብ ዝርዝሩን ከኮሸሩ ጋር ያስታርቁ

ኮሸር ግዴታ ከሆነ ሥጋና ወተት በአንድ ወጥ ቤት አይገናኙም። በቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥም ሆነ ክትፎ አይቻልም። ወይ በዘይት የሚሠራ የሥጋ ቤት ይሁን፣ ወይ ሽሮው በቅቤ፣ ዓይቡና ዓሣው የሚቀርብበት የወተት ቤት ይሁን። በጾም ምግብ ላይ ያለን ሀብት እዚህ ይጠቅማል፤ ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና ሽሮ በዘይት ከሁለቱም ጋር ይሄዳሉ። የተቆጣጣሪውን (ማሽጊያሕ) ወጪ በሒሳቡ ውስጥ ያስገቡ።

8. ሰነዶቹን ያሟሉ

ከሕዝብ ተቋም ጋር ለመዋዋል በሕግ የተመዘገበ ድርጅት፣ ከሒሳብ መዝገብ አያያዝ ማረጋገጫ ጋር ይጠየቃል። የሥራ ልምድ ቅድመ ሁኔታ ካለ የድርጅቱ ይሁን የሥራ አስኪያጁ ልምድ የሚቆጠረው ይለዩ፤ ልምድ ያለው ሸሪክ ማስገባት የሚቻለውም ሰነዱ ሲፈቅድ ነው። ከሁሉ በላይ የባንክ ዋስትናውን ይጠንቀቁ። ባንኩ በጨረታው የተያያዘውን ቃል እንዳለ መገልበጥ አለበት፤ ስም፣ መጠን ወይም የማብቂያ ቀን ከተሳሳተ ጥሩ ተጫራች ሊወድቅ ይችላል። ለምክር የኢየሩሳሌምን የአነስተኛ ንግዶች ማዕከል (ማቲ) ያነጋግሩ፤ በመንግሥት ዋስትና ስለሚሰጠው ብድርም ይጠይቁ።

9. በሰዓቱ ያስገቡ

እያንዳንዱን ገጽ ይፈርሙ፤ ባዶ ቦታ አይተዉ። በውሉ ላይ የራስዎን ቅድመ ሁኔታ በእጅ አይጻፉ፤ ሊያስወድቅዎ ይችላል። ከቀነ ገደቡ አንድ ቀን ቀድመው ያድርሱ፤ ዘግይቶ የደረሰ ፖስታ አይከፈትም።

10. ውጤቱ ሲመጣ

ካሸነፉ የመድን ማረጋገጫና የውል ዋስትና ያስገቡ፤ በ1968 የንግድ ፈቃድ ሕግ የሚጠየቀውን ፈቃድም ወዲያው ይጀምሩ። የጤና ሚኒስቴርና የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሠራተኛ ከመቅጠርዎ በፊት የኪራዩ ቆጠራ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ይወቁ። የኮሸር ምስክር ወረቀት ሳይዙም «ኮሸር» ብለው አይለጥፉ፤ በ1983 የወጣ ሕግ ይከለክላል።

ከተሸነፉ ደግሞ የጨረታ ኮሚቴውን ውሳኔና የአሸናፊውን ሰነድ ለማየት በጽሑፍ ይጠይቁ። ዋጋው ከእርስዎ ስንት እንደበለጠ፣ በየትኛው መስፈርት ነጥብ እንዳጡ ይመዝግቡ። ሕጋዊ ስሕተት ካዩ ቀን ሳያሳልፉ ወደ ጠበቃ ይሂዱ። ስሕተት ከሌለና አሸናፊው የሰጠው ኪራይ የእርስዎ ሒሳብ ከሚችለው በላይ ከሆነ ግን አይቆጩ፤ ሒሳብዎ ከማይችሉት ዕዳ አድኖዎታል፤ ያዘጋጁት ሰነድም ለሚቀጥለው ጨረታ ያገለግላል።