የባትሪን ጤንነት በኢምፒዳንስ ልኬት መከታተል፦ ለፎገራ ሜዳ የሶላር ሥርዓቶች ያለው ፋይዳ

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ምድር ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ በርካታ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ይኸው ወቅት ለሶላር ባትሪም የፈተና ጊዜ ነው። ደመናው ባትሪው የሚሞላበትን ኃይል ይቀንሳል፤ ውኃውና ጭቃው ደግሞ ተተኪ ባትሪ የማድረሱን ሥራ ያከብዱታል። ስለሆነም ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር በራቀ ቀበሌ የሚያገለግል ባትሪ ክረምቱን ይዘልቅ እንደሆነ አስቀድሞ በግንቦት መለየት ያስፈልጋል።

በተለምዶ የሚደረገው ምርመራ ቮልቴጅን መለካት ነው። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ ወደ 12.7 ቮልት ያሳያል። ሆኖም ያረጀ ባትሪም ተመሳሳይ ንባብ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ቮልቴጅ በዋናነት የሚያመለክተው የአሲዱን ክምችት እንጂ በሰሌዳዎቹ ላይ የቀረውን ንቁ ቁስ መጠን አይደለምና። ባትሪውን በጭነት አራግፎ አቅሙን መለካት አስተማማኝ ቢሆንም ሰዓታትን ይወስዳል፤ አገልግሎትንም ያቋርጣል።

የኢምፒዳንስ ልኬት በእነዚህ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። አነስተኛ ተለዋዋጭ ከረንት በባትሪው ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ምላሽ ይለካል፤ የሁለቱ ንጽጽር ኢምፒዳንስን ይሰጣል። በከፍተኛ ድግግሞሽ የሚገኘው ንባብ የአሲዱን፣ የእርሳስ ፍርግርጉንና የመገናኛዎቹን ተቃውሞ ያንጸባርቃል። መካከለኛው ድግግሞሽ በሰሌዳው ገጽ ላይ የሚካሄደውን ኬሚካዊ ሂደት፣ ዝቅተኛው ደግሞ የአዮኖችን ስርጭት ይገልጻል። በእጅ የሚያዙ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ድግግሞሽ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1000 ኸርዝ፣ ይለካሉ።

ባትሪው በደመናማ ሳምንታት በከፊል ብቻ ተሞልቶ ሲቆይ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ክሪስታሎች እያደጉ ይጠነክራሉ። ሰልፌቱ ከረንት በደንብ ስለማያስተላልፍና ንቁውን ገጽ ስለሚሸፍን ኢምፒዳንሱ ይጨምራል። የፍርግርጉ መበላትና በታሸጉ ባትሪዎች ውስጥ የእርጥበት መቀነስም ወደዚሁ ውጤት ያመራሉ።

ለአብነት፣ አዲስ ሳለ 4 ሚሊ ኦም የነበረ ባትሪ 6 ሚሊ ኦም ቢያነብ ጭማሪው 50 በመቶ ነው። መጠኑ እጅግ ትንሽ በመሆኑ የመለኪያው ገመድና የዛገ ተርሚናል ራሳቸው ሊያሳስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ከረንቱና ቮልቴጁ በተለያዩ ገመዶች የሚሄዱበት ባለ አራት ገመድ ዘዴ መመረጥ፣ ተርሚናሉም አስቀድሞ መጽዳት አለበት። ብርድ የአሲዱን ተቃውሞ ስለሚጨምር የሚነጻጸሩ ልኬቶች በተቀራራቢ ሙቀትና በተመሳሳይ የሙሌት ደረጃ መወሰድ ይኖርባቸዋል።

ኢምፒዳንስ አቅምን በቀጥታ አይለካም፤ የሚጠረጠረውን ባትሪ ይለያል እንጂ። ከመነሻ ንባቡ ከ30 እስከ 50 በመቶ የጨመረ ባትሪ በጭነት ይፈተሽ፤ አቅሙ ከተመደበለት ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ይተካ። በተከታታይ ከተያያዙ ባትሪዎች መካከል አንዱ ቢዳከም መላውን ሥርዓት ስለሚገድብ ልኬቱ ለእያንዳንዱ ለየብቻው መደረግ አለበት።

ለፎገራ የሚስማማው መርሐ ግብር በዓመት ሁለት ልኬት ነው፦ አንዱ በግንቦት መተኪያውን ከጎርፉ በፊት ለማድረስ፣ ሌላው በጥቅምት ባትሪው በሚገባ ከተሞላ በኋላ ክረምቱ ያደረሰውን ጉዳት ለመመዘን። ሁለቱም ትርጉም የሚኖራቸው ባትሪው በተተከለበት ዕለት የተወሰደው የመጀመሪያ ንባብ ተመዝግቦ ከተቀመጠ ነው።