አደራው ልጅ

ልጅን ማስጠመቅ አንድ ነገር ነው፤ የተጠመቀውን መጠበቅ ሌላ ነው። እኛ ካህናትና ወላጆች ሁለቱን አንድ አድርገን የቈጠርን እንደ ሆነ፥ በመካከል የሚቀረውን ባዶ ቦታ ሌላ ይይዘዋል።

የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ የጻፈው፥ የቂሣርያው አውሳብዮስም በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ በ3ኛው መጽሐፍ ያቈየው አንድ ታሪክ አለ። ወንጌላዊው ዮሐንስ ከፍጥሞ ደሴት ወደ ኤፌሶን ከተመለሰ በኋላ፥ በአቅራቢያው ባለች ከተማ መልከ መልካምና ልቡናው የጋለ ወጣት አየና በምእመናን ፊት ለኤጲስ ቆጶሱ በአደራ ሰጠው። ኤጲስ ቆጶሱም ወደ ቤቱ ወስዶ አሳደገው፤ አስተማረው፤ አጠመቀው። ከዚያ በኋላ ግን ማኅተመ ጥምቀት ይበቃዋል ብሎ ጥበቃውን አላላ። ወጣቱ የጠፋው ይህን ጊዜ ነው። ሥራ ፈት ጓደኞች አስቀድመው በግብዣ ሳቡት፤ ቀጥሎ ሌሊት ለዝርፊያ ሲወጡ አስከተሉት፤ በመጨረሻም ተስፋ ቈርጦ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ።

ቅደም ተከተሉ ዛሬም በከተሞቻችን ያው ነው። ወጣቱን በመጀመሪያ የሚጠራው ጠብ አይደለም፤ ግብዣ ነው። ከቀትር በኋላ ከጫት ቤት ይቀመጣል፤ ሺሻውም ይቀርብለታል፤ ማታ ምርቃናውን ለማብረድ «ጨብሲ» ብለው ወደ መጠጥ ቤት ይዛወራሉ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ሌሊቱ ገና አላለቀም። ስርቆቱና በስለት መወጋጋቱ የሚከተለው በዚያ ሰዓት ነው። በጎዳና አድረው ማስቲሽ የሚስቡትን ሕፃናት ግን የጋበዛቸው ረኃብና ብርድ ነውና፥ በእነርሱ ላይ ፍርዳችን ሊከብድ አይገባም።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን ሻጩን ይከለክላል እንጂ የወጣቱን ሥራ ፈት ሰዓት አይሞላለትም።

ወንዱን በ40፥ ሴቷን በ80 ቀን ስናጠምቅ፥ ስለ ሕፃኑ ሰይጣንን የካደ የክርስትና አባት አለ። ልጁ 16 ዓመት ሲሆነው ይህ ሰው ወዴት ነው? እኛስ የንስሐ አባቶች፥ በበዓል ቀን ቤቱን ጠበል ረጭተን ከማዕዱ ስንቀመጥ፥ ልጁ በጓሮ በር እንደ ወጣ ስንቶቻችን ጠይቀናል? ከሰንበት ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት የቀረውን በስሙ ጠርቶ ቤቱ ድረስ መሄድ ከብዙ ስብከት ይልቃል። ሥራ የሚያስተምረው ባለሙያ ከአጥቢያው ምእመናን መካከል አይጠፋም። በሱስ የታሰረውንም ወደ ጠበል እንደምንወስደው ሁሉ ወደ ሐኪም መላክ እምነት ማጕደል አይደለም፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል እንዲህ ያሉትን ያክማል።

ዮሐንስ ተመልሶ አደራውን በጠየቀ ጊዜ፥ ኤጲስ ቆጶሱ አስቀድሞ ገንዘብ የተጠየቀ መስሎት ደነገጠ፤ ኋላም ልጁ ለእግዚአብሔር እንደ ሞተ እያለቀሰ ተናገረ። እኛም ስለ ስንቱ ሕያው «እርሱማ አለቀለት» እንላለን! ሽማግሌው ሐዋርያ ግን ልብሱን ቀደደና ፈረስና መሪ አስመጣ። የወንበዴዎቹ ጠባቂዎች ሲይዙት አልሸሸም፤ ወደ አለቃቸው እንዲወስዱት ለመነ። ወጣቱ ዐውቆት በኀፍረት ሲሸሽ፥ ዮሐንስ እርጅናውን ረስቶ ተከተለው። በቆመም ጊዜ መሣሪያውን ጥሎ አለቀሰ፤ ቀኝ እጁን ግን ሸሸገ። ዮሐንስም ተንበርክኮ ያችን እጅ ሳማት፤ ከእርሱም ጋር በጾምና በጸሎት እየተጋ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን እስኪመልሰው ድረስ ከዚያች ከተማ አልሄደም።