ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ? ምድርስ ለምን ትሞቃለች?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠሮች ስንዘዋወር ገበሬዎች ደጋግመው፣ «የዝናቡ መግቢያና መውጫ ለምን ተዛባ?» ብለው ይጠይቁናል። ዘር ይዞ ወደ ሰማይ ለሚያይ ሰው በግምት መመለስ አይገባም። ስለዚህ ወቅቶች እንዴት እንደሚመጡና የምድር ሙቀት በምን እንደሚጠበቅ ከዚህ ቀጥሎ አብረን እንመልከት።

፩. ወቅቶችን የሚያመጣው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ክረምት የሚበርደው ፀሐይ ስለምትርቅ ይመስለዋል። እርግጥ ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ሲሆን፣ ርቀቱ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ያኔ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ነገር ግን እኛ ክረምት ስንገባ አውሮፓ ሙቀት ላይ ነው። ምክንያቱ ርቀት ቢሆን ኖሮ እነርሱንም በበረዳቸው ነበር።

እውነተኛው ምክንያት የምድር ማዘንበል ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞረው 23.5 ዲግሪ ያህል አዘንብላ ስለሆነ፣ ግማሹን ዓመት ሰሜኑ፣ ግማሹን ደቡቡ ወደ ፀሐይ ያጋድላል። ይህን ለማየት 1 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ሜዳ ላይ ትከሉ። በፍኖተ ሰላም በሰኔ አጋማሽ የቀትር ጥላው ወደ ደቡብ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ ሰሜን 68 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል። በሚያዝያ 10 እና በነሐሴ 19 ገደማ፣ ደመና ካልጋረደ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ይጠፋል።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ወቅቶቿን ይበልጥ የሚለየው ዝናብ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘግም የዝናቡ መቀነት ይከተላታል፤ ከአትላንቲክና ከህንድ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥብ ነፋስም ደጋችን ላይ ወጥቶ ይዘንባል። በነሐሴ ፀሐይ አናታችን ላይ ሆና የሚበርደንም ደመናው ስለሚጋርዳት ነው።

፪. የምድር ጋቢ

በበጋ ሰማይ ጥርት ያለ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ደመና ያለበት ሌሊት ግን ይሞቃል። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች፤ ደመናና የውኃ ተን ይዘው ይመልሱላታል። ጋቢ የራሱ እሳት የለውም፤ የገላን ሙቀት ግን ይይዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ጆን ቲንዳል እ.ኤ.አ. በ1859 በሙከራ አሳይቷል። እነዚህ ሙቀት አማቂ ጋዞች ባይኖሩ የምድር አማካይ ሙቀት 15 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ቀርቶ ከዜሮ በታች 18 በሆነ ነበር።

ችግሩ ጋቢው መወፈሩ ነው። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከሚሊዮን የአየር ክፍል 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ይህም በተለይ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከደን ጭፍጨፋ የመጣ ነው። ምድርም ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን ይሸከማል። ስለዚህ ሲዘንብ አፈር ጠራርጎ የሚወስድ ዶፍ ይሆናል፤ ሲጠፋም እርሻው ፈጥኖ ይደርቃል።

ሆኖም ክፉ ዓመት ሁሉ ከዚህ ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤልኒኞ ክረምቱን አዳክሞ በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆኗል።

፫. እኛስ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ያልበደለውን አንክሰስ። ኢትዮጵያ ወደ አየር የምትለቀው ጋዝ ከዓለም 1 በመቶ አይሞላም። እንጨት ለቅማ እንጀራ የምትጋግርን እናት «ዝናቡን ያራቅሽው አንቺ ነሽ» ማለት እውነትም ፍቅርም አይደለም። ዛፍ እንትከል ስንልም አፈሩን ስለሚይዝና ውኃው እንዲሰርግ ስለሚረዳ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ያመጣል ብለን ተስፋ አንስጥ።

ሁለተኛ፣ የሚቻለውን እናድርግ። እርከን እንሥራ፤ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር በመጠባበቂያ እናስቀምጥ፤ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከክረምት በፊት የሚሰጠውን ትንበያ ለገበሬው በጊዜ እናድርስ።

ለውይይት፦
1. በአካባቢያችሁ ዝናብ የሚገባው መቼ ነበር? አሁንስ? ሽማግሌዎችን ጠይቁ።
2. በነሐሴ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ለምን ይበርደናል?
3. ዘንድሮ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ቢዘገይ የመጀመሪያው ችግረኛ ማን ነው? ከአሁኑ ምን ልናዘጋጅለት እንችላለን?