ሃይኩና ጉባኤ ቃና

ሃይኩ የሚባለው የጃፓን ግጥም ሦስት ስንኝ ብቻ ነው፤ ምቱም 5፥ 7፥ 5፥ በድምሩ 17 ነው። ቤት አይመታም፤ ነገር ግን ወቅትን የሚያስታውስ ቃል ይገባበታል። ዝነኛው ባለቅኔ ባሾ (1644–1694 እ.ኤ.አ.) በዚህ ስልት ከፍ ያለ ስም አትርፏል።

ምቱን በፊደላችን ለመቁጠር ስሞክር ሳድስ አስቸገረኝ። «ዝናብ» ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን «ብ» ብቻዋን አትቆምም። ደግነቱ ጃፓኖችም በቃል መጨረሻ ያለችውን «ን» እንደ አንድ ምት ይቆጥሯታል፤ መጽሐፍ ማለት የሆነው «ሆን» በእነርሱ ዘንድ ሁለት ምት ነው። ስለዚህ ፊደል መቁጠሩን ቀጠልሁ።

አባቴ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ናቸው። ክረምት ሲገባ ሥራቸው ይቀዘቅዛል። ይኸንኑ እንዲህ ጻፍሁ፦

ሐምሌ ገባ፤
መዶሻ ሲያርፍ፥
ዝናብ መታ።

ግጥሙን ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለሚኖሩ አንድ የቅኔ መምህር አነበብሁላቸው። በግዕዝ ቅኔ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ስለ ሆነ፥ ማጠሩን ይወዱልኛል ብዬ ነበር።

«ማጠሩስ ማለፊያ ነው፤ ሰሙንም አየሁት። ወርቁ የታለ ልጄ?» አሉኝ።

«የኔታ፥ ሃይኩ ወርቅ አይደብቅም፤ ያየውን ብቻ ይናገራል።»

«ታዲያ ዝናቡ የመታው ምኑን ነው? አልጻፍኸውም እኮ።»

«ቆርቆሮውን» ብላቸው ሳቁና፥ «እንግዲያስ ደብቀሃል» አሉኝ።

ማታ ለአባቴ አነበብሁላቸው። እርሳቸው ምኑ እንደ ተመታ አልጠየቁኝም።