ፍራክታል ለምን ተሸነፈ?

ከእንጦጦ ላይ ሆናችሁ የካን ቁልቁል በባለ12 ሜጋፒክሰል ስልክ አነሣችሁ እንበል። ፎቶው 12 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ሲይዝ ድምሩ 36 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ስልኩ የሚያስቀምጠው ፋይል ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ሌላው የት ሄደ?

ሰማዩን ተመልከቱ። አንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ እምብዛም አይለይም። ጄፔግ የሚባለው ዘዴ ምስሉን 8 በ8 እየከፈለ፣ ዐይን የማይለየውን ጥቃቅን ልዩነት ይጥላል። የሒሳቡን መሠረት ናሲር አህመድና ባልደረቦቹ በ1974 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል።

አሁን ፎቶው ላይ ወዳለው ጽድ ዙሩ። ትንሿ ዘለላ ትልቁን ቅርንጫፍ ትመስላለች። ታዲያ ምስሉን ትተን የመመሳሰሉን ሕግ ብቻ ብናስቀምጥስ? ፍራክታል የሚባለው የምስል መጭመቂያ ዘዴ ይኸው ነው፤ እንደ ሒሳብ መምህር ከዚህ የሚያምር ሐሳብ ጥቂት ነው የማውቀው። ማይክል ባርንስሊና አለን ስሎን በ1987 እ.ኤ.አ. ኢተሬትድ ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ፤ በዓመቱም ባይት መጽሔት ላይ ምስል ከ10,000 እጥፍ በላይ ሊያንስ እንደሚችል ጻፉ። ወሬው ገነነ። ያ ቁጥር ግን ሰው በእጁ እየመራ፣ ብዙ ሰዓት ፈጅቶ ካዘጋጃቸው ምስሎች የመጣ ነበር። የባርንስሊ ተማሪ አርኖ ዣካን ሥራውን ለኮምፒውተር ሲያስረክብ ውጤቱ ወደ ጄፔግ ደረጃ ወረደ፤ መጭመቁም እጅግ አዝጋሚ ነበር።

በዚህ ላይ ፓተንት ተጨመረ። የፓተንትን ኃይል እኛ በጤፍ አይተነዋል፤ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያገኘውን መብት የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ፍራክታልንም መጠቀም የፈለገ ፈቃድ መግዛት ነበረበት። ማይክሮሶፍት ለኤንካርታ ኢንሳይክሎፒዲያው ገዛ። ገንዘብ የሌለው ፕሮግራመር ግን በነፃ የተለቀቀውን የጄፔግ ኮድ ወሰደ፤ ምስሎች የተበተኑትም በእሱ እጅ ነው።

ጥፋቱ የወሬው ነው ወይስ የፓተንቱ? ለመለየት ጄፔግን ራሱን እንመርምር። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው መስፈርት ለመጨረሻው እርምጃ፣ ማለትም የተረፈውን በአጭሩ ለመጻፍ፣ ሁለት አማራጭ ሰጥቶ ነበር፦ ሀፍማንና አሪትሜቲክ። ሁለተኛው ፋይሉን ጥቂት በመቶ ይበልጥ ያሳንሳል፤ ማንም አጋንኖ አላወራለትም። አይቢኤምና ሌሎች ኩባንያዎች ፓተንት ስለያዙበት ግን ፕሮግራመሮች ሸሹት። ዛሬ ያ ፓተንት ጊዜው አልፏል። ሆኖም በአሪትሜቲክ የተጨመቀ የእንጦጦ ፎቶ ለጓደኛችሁ ብትልኩ ስልኩ አይከፍተውም፤ በእነዚያ ዓመታት የተጻፉት ፕሮግራሞች ሀፍማንን ብቻ ማንበብ ለምደዋል፤ የኋለኞቹም የእነሱን ፈለግ ተከትለዋል።