ስለ ልብ ወለድ አስተያየት መጻፍ

አንድ ልብ ወለድ አንብባችሁ «ወደድሁት» ወይም «አልወደድሁትም» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ስለ ራሳችሁ ተናገራችሁ እንጂ ስለ መጽሐፉ ገና ምንም አላላችሁም። አንባቢዎቹን የከፋፈለ አንድ ድርሰት እንመልከት።

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት በአሥመራ የሚፈጸም ሲሆን፣ የሚተርከው ጋዜጠኛው ፀጋዬ ነው። ስለላ፣ ሤራና ፍቅር ተገምደውበታል። የስለላውን ክር ብቻ ተከትሎ የሚያነበው አለ፤ በፀጋዬና በፊያሜታ ፍቅር ላይ የሚቆም አለ። በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ የዘመኑን ሹማምንት የፈለገም ብዙ ነበር። ይህ የመጨረሻው ንባብ ዋዛ አልነበረም። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

አሁን ይኸው መጽሐፍ በጋዝጊብላ ወረዳ፣ በአስከተማ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተነበበ እንበል። በዚያ ዘመን ዋግም ጦርነት አይቷልና፣ ከአያቱ ብዙ የሰማ ተማሪ «ስለላው በዛ፤ የወታደሩ መከራ ግን አነሰ» ቢል አያስደንቅም። ጓደኛው ግን «የናቅፋን ውጊያ የሚተርከውን ክፍል እንደገና አንብብ» ሊለው ይችላል። ክርክሩ አስተያየት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ጣታቸውን በገጹ ላይ አሳርፈዋልና።

ቀጥሎ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ምንም እንኳ ስለላው ልብ አንጠልጣይ ቢሆንም፣ የፍቅሩ ታሪክ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል።

ለ. ምንም እንኳ የፍቅሩ ታሪክ ፍጥነቱን ቢቀንሰውም፣ ስለላው ልብ አንጠልጣይ ነው።

ቁም ነገሮቹ አንድ ናቸው፤ ፍርዱ ግን ተገልብጧል። «ምንም እንኳ» ያለበት ጥገኛ ዓረፍተ ነገር የምናምንለትን ነገር ይይዛል፤ ክብደቱን የሚሸከመው በመጨረሻ የሚመጣው ዋናው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ የምትጸኑበትን ሐሳብ በ«ቢ…ም» ውስጥ አትቅበሩት። «ጥሩ ነው፣ ግን ይረዝማል» የሚለውማ ለማንኛውም መጽሐፍ ስለሚሆን ለአንዱም አይሆንም።

መልመጃ፦ ካነበባችሁት ልብ ወለድ አንድ የወደዳችሁትንና አንድ ያልወደዳችሁትን ነገር ምረጡ። በ«ምንም እንኳ… ቢ…ም» አያይዛችሁ ጻፉት፤ ከዚያም ቦታቸውን ለዋውጡና የትኛው የእናንተ ፍርድ እንደ ሆነ ከመጽሐፉ ማስረጃ ጠቅሳችሁ አስረዱ።