የጋሪ ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው፦ ሐኪም እስኪደርስ ምን እናድርግ?

ውሻም ድመትም ያልተስማማቸውን ነገር አስመልሰው እፎይ ይላሉ። ፈረስ ግን አያስመልስም። በጨጓራው መግቢያ ያለው ጠንካራ ጡንቻ ምግብን ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ ወደ ላይ አይመልስም። ጨጓራው ራሱ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ከዚያ በታች ያለው አንጀት ደግሞ ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል፣ አንዳንድ ቦታ ላይም ድንገት ይጠብባል። የደረቀ ጭድ ወይም ከቆሻሻ ጋር የዋጠው ፌስታል እዚያ ሲወተፍ፣ ወይም ጋዝ ሲጠራቀም፣ ቁርጠቱ ይነሳል። አብዛኛው ቁርጠት በጊዜ ከተያዘ ይድናል፤ ብዙ ፈረስ የሚጎዳው በመጀመሪያው ሰዓት በሚደረግ ስህተት ነው።

መጀመሪያ ምልክቱን ለዩ። ፈረሱ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ደጋግሞ ያያል፣ በፊት እግሩ መሬት ይጭራል፣ በኋላ እግሩ ሆዱን ሊመታ ይሞክራል፣ ሳይሠራ ያልበዋል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። ከጋሪ የተፈታ ፈረስ አፈር ላይ ቢንከባለል በሽታ አይደለም፤ ተነስቶ አቧራውን ያራግፍና ወደ ሳሩ ይሄዳል። ሆዱን ያመመው ግን ብዙ ጊዜ ሳያራግፍ ተመልሶ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ወዲያው ከጋሪው ፍቱት፤ ምግቡንም በሙሉ አንሱ፤ ገብሱን፣ ፉርሽካውን፣ ጭዱን። ንጹሕ ውሃ አጠገቡ ይቀመጥ። በአፍንጫው ፈሳሽ ወይም ምግብ የሚወጣ ከሆነ ግን ውሃውንም አርቁ፤ ጨጓራው ሞልቷል ማለት ነው፣ አንድ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ደረጃ መቁጠር ነው፤ ልብ ብላችሁ ሥሩት። ፈረሱ ከሥራ ከመጣ 15 ደቂቃ ያህል አሳርፉት። ከዚያ ጣታችሁን ከመንጋጋው ሥር በውስጥ በኩል አድርጉና ቀስ እያላችሁ ፈልጉ፤ እርሳስ የምታህል ለስላሳ ነገር ከጣታችሁ ሥር ትንሸራተታለች። የደም ሥሩ እሱ ነው። 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙ። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከ60 በላይ ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው። ቀጥሎ ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን በአውራ ጣት ጫን አድርጉና ልቀቁ። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ቀለሙ መመለስ አለበት። ከዘገየ፣ ወይም ድዱ ከገረጣ፣ ከጠቆረ ወይም ደም ከመሰለ፣ ደሙ እንደሚገባው አይዘዋወርም ማለት ነው።

ከዚያ ጆሯችሁን ከጎድን አጥንቱ በስተኋላ ሽንጡ ላይ ለጥፉ፤ በቀኝም በግራም፣ ከላይም ከታችም፣ አንዳንድ ደቂቃ። ጤነኛ ሆድ ይንጎራጎራል፣ ውሃ እንደሚንቆረቆር ዓይነት ድምፅ አለው። ብዙ ባለጋሪ እዚህ ላይ ሲሳሳት አይቻለሁ፤ ሆዱ ጸጥ ሲል «ተሻለው» ይላል። ጸጥ ያለ ሆድ የቆመ አንጀት ነው። እንዲሁም ሲንፈራገጥ የቆየ ፈረስ በድንገት ዝም ብሎ የልቡ ምት ግን እየፈጠነ ከሄደ፣ ጨጓራው ወይም አንጀቱ ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

ፋንድያውንም ተመልከቱ። መቼ ነው የጣለው? ደረቅና ትናንሽ ነው ወይስ ንፍጥ የለበሰ? ገመድ ወይም ፌስታል ከፊንጢጣው ተንጠልጥሎ ብታዩ አትጎትቱ፤ ውስጥ ያለው አንጀት ይቀደዳል።

አሁን ሐኪሙ ጋ ደውሉ። «ፈረሴ ታሟል» ብቻ አይበቃም፤ የልብ ምቱን፣ የድዱን ቀለም፣ የሆዱን ድምፅ፣ የመጨረሻውን ፋንድያ ሰዓት ንገሩት። ቢሾፍቱና አካባቢዋ ያላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ።

እስኪመጣ ድረስ ራሱን እየጣለ የሚንከባለል ከሆነ 10 ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ አንሸራሽሩት። በጸጥታ ከቆመ ወይም ከተኛ ተዉት። ሲያዳክሙት መዋል አያድነውም።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ በጠርሙስ ምንም አታጠጡት። ዘይትም ይሁን የጨው ውሃ ወይም የባህል መድኃኒት፣ ራሱን ወደ ላይ ስበን ስናፈስበት ከፊሉ ወደ ሳንባው ይገባል። ዘይት ሳንባ ከገባ በኋላ የሚያወጣው የለም፤ ፈረሱ ከቁርጠቱ ተርፎ በሳንባ ምች ይሞታል። ሐኪሙም ፈሳሽ ፓራፊን ይሰጣል፣ ግን በአፍንጫ በኩል እስከ ጨጓራ በሚደርስ ቱቦ ነው፤ በዚያው ቱቦ አስቀድሞ የተጠራቀመውን ጋዝና ፈሳሽ ያወጣል። ለሰው የታዘዘ የሕመም ማስታገሻም አትስጡ፤ ሕመሙን ሸፍኖ ሐኪሙን ያሳስታል።

ለወደፊቱ ውሃ ዋናው ነው። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በቀን 25 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ በበጋ ደግሞ ይጨምራል፤ ጠዋትና ማታ ብቻ ማጠጣት አይበቃውም። ጥርሱን በዓመት አንዴ አሳዩ፤ የሾለ ጥርስ ያለው ፈረስ ጭዱን ሳያደቅ ይውጠዋል። ቆሻሻ መጣያ አጠገብ አታስሩት። የሐኪሙንም ስልክ ፈረሱ ጤነኛ ሳለ ዛሬውኑ መዝግባችሁ ያዙ።